ማር ይፈቀዳል፣ አባባ

ዛሬ ልጆቿ «እማዬ፣ ከአባዬ ጋር እንዴት ተዋወቃችሁ?» ሲሏት «በድንች ተጣልተን» ትላቸዋለች።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ከልብስ ስፌቷ ጊዜ እየሰረቀች፣ አባቷን በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል ታደርሳቸዋለች። አንድ ጠዋት አዲሱ የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ቀጭን ዓይን አፋር ወጣት፣ ወረቀት ሰጣት። ሙዝ የለም፣ ብርቱካን የለም፣ ቲማቲም የለም፣ ድንች የለም። ደሟ ፈላ።

«ታዲያ ምን ይብሉ? አየር?»

«ፖታሲየም ይበዛባቸዋል። ኩላሊታቸው ስለማያስወጣው ልባቸውን ሊያቆምባቸው ይችላል» አለ ቀስ ብሎ።

አባትየው ከትራሳቸው ቀና አሉ። «ማርስ፣ ልጄ? እሱንም ልትነጥቀኝ ነው?»

«ማር ይፈቀዳል፣ አባባ። አንድ ማንኪያ ማር ውስጥ ያለው ፖታሲየም እዚህ ግባ አይባልም። ስኳር በሽታም የለብዎትም።»

አባትየው ከት ብለው ሳቁ። ያን ሳቅ ከሰማች ወራት አልፈው ነበር። ወጣቱን ቀና ብላ አየችው፤ እሱም እያያት ነበር። ሁለቱም ወደ ወረቀቱ አቀረቀሩ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄ አታጣም። ስለ ጎመን ጠየቀችው፣ ስለ ሩዝ ጠየቀችው፣ ስለ ፖም ሦስት ጊዜ ጠየቀችው። ድንች ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ፣ ውሃው ሲደፋ ፖታሲየሙ እንደሚቀንስና አልፎ አልፎ ጥቂት መቅመስ እንደሚቻል ነገራት። አባቷ ቀምሰው «ይሄ ድንች ነው ወይስ የድንች ወሬ?» አሉ።

በዓመቱ ወጣቱ ወደ ሩቅ ከተማ እንዲዛወር ታዘዘ። ኮሪደሩ ላይ አስቁሞ «አብረን እንሂድ» አላት።

«አባቴን ለማን ትቼ?»

ሲሄድ በመስኮት እንኳ አላየችውም፤ ካየችው እንደምትሮጥ ታውቃለች።

ከሁለት ወር በኋላ፣ አባቷ ማሽኑ ላይ ተኝተው ስልክ ሲያወሩ ከመጋረጃው ጀርባ ሰማቻቸው።

«ልጄ፣ እናንተ ጋ የእጥበት ማሽን አለ? ... እንግዲያው ቦታ ያዝልኝ። ይቺ ልጅ ጥያቄ አልቆባታል፤ ቤቱ ጭር አለብኝ።»

እዚያው ቆማ አለቀሰች።

የስፌት መኪናዋን አውቶቡስ ላይ ጭነው ሄዱ። ወጣቱ መናኸሪያው ውስጥ ሲጠብቅ ነበር የዋለው። ገና በሩ ሲከፈት ሽማግሌውን ሊደግፍ እጁን ዘረጋ።

አባትየው እጁን በቀስታ ከኋላቸው ወደቆመችው ልጃቸው መለሱት።

«እኔ ምርኩዝ አለኝ» አሉት። «እሷን ያዛት።»