ለጓሮው ወለል የወጣ ዋጋ

መጀመሪያ ያየችው የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነው። ሚስማር ልትገዛ ገብታ ተራዋን ስትጠብቅ፣ ከፊቷ የቆመው ወጣት ባለሱቁን ሲጠይቅ ሰማች።

«ጓሮ ሲሚንቶ ለማስደረግ ስንት ኩንታል ይበቃል?»

«የማን ጓሮ?»

«የአባቴ።»

«አይ ወንድሜ! አባትህን የት አውቄ ጓሯቸውን ልወቅ?»

ሳቋ አመለጣት። ወጣቱ ዞር አለ። ይቆጣል ብላ ስትጠብቅ እሱም አብሯት ሳቀ፤ እስከ ጆሮው ቀልቶ።

«ሳይለካ ኩንታል አይቆጠርም» አለችው። «ሥራዬ ነው። ከፈለግህ መጥቼ አየዋለሁ።»

ሠራተኞቿ «ውሃልክ» ይሏታል። ውሃ ልኩ ከእጇ ስለማይለይ ብቻ አይደለም፤ ትንሽ የተዛነፈ ሥራ ካየች ያለ ርኅራኄ ስለምታስፈርስም ጭምር ነው። ጥቂት ሰዎች ቀጥራ ወለል፣ ደረጃና አጥር ትሠራለች። ወጣቱ ደግሞ የሆስፒታል ማሽኖች ጠጋኝ ነው።

በማግስቱ ጓሮውን ስታይ ነገሩ ገባት። መሬቱ ወደ ቤቱ ያዘነበለ ነው። ዝናብ ሲመጣ ውሃው ሁሉ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይተኛና ጭቃ ይሆናል። ባለፈው ክረምት አባትየው እዚያ ጭቃ ላይ ተንሸራተው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ልጃቸው ከሥራ እስኪገባ ድረስ ዝናብ እየመታቸው እዚያው ተኝተው ቆዩ። አሁን ያለ ከዘራ አይራመዱም።

«ግንበኛዋ አንቺ ነሽ?» አሏት ከወንበራቸው ሳይነሱ። ዕድሜያቸውን የረጅም መንገድ ሹፌር ሆነው የኖሩ፣ ድምፃቸው አሁንም ሞተር የሚያሸንፍ ሰው ናቸው።

«አዎ፣ አባባ።»

«ሥራው አይከብድሽም?»

«ይከብዳል እንጂ። እንደ ሹፌር ተቀምጠው የሚሠሩት አይደለም።»

አባባ ከት ብለው ሳቁ። ልጃቸው በመገረም አያቸው፤ ከወደቁ ወዲህ እንደዚህ ሲስቁ ሰምቷቸው አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ዋጋውን አስረዳችው። አፈሩ ይቆፈራል፣ ጠጠር ይሞላል፣ ይጠቀጠቃል። ከዚያ ፌሮ ይዘረጋል፣ ኮንክሪት ይፈስሳል። ወለሉ ወደ አጥሩ ዘንበል ይላል።

«ትንሽ አይቀነስም?» አለ።

«ማጥበብ እችላለሁ። ማሳሳት ግን አልችልም። ከሳሳ ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀ ደግሞ አባባን መልሶ ይጥላቸዋል።»

ጠጋኙ ቀና ብሎ አያት። አስተያየቱ ስለ ዋጋ የሚከራከር ሰው አስተያየት አልነበረም። እሷም ዓይኗን ወደ ወረቀቱ መለሰች።

«ይሁን» አለ ቀስ ብሎ። «ብቻ ቶሎ ይለቅልኝ።»

ቶሎ አላለቀም። ሥራው ሊጀመር ሲል አባባ አስጠሯትና ወለሉ ክብ እንዲሆን ፈለጉ። እንደገና ለካች፣ እንደገና ዋጋ አወጣች። ቀጥሎ የሎሚ ዛፏ እንዳትነካ አሉ። ቀጥሎ በደረጃ ይውረድ አሉ። ከዚያ ደግሞ ክቡ አስጠላቸው።

ሌላ ደንበኛ ቢሆን ኖሮ ሜትሯን ጠቅልላ ትሄድ ነበር። እዚህ ቤት ግን በተጠራች ቁጥር የሥራ ሸሚዟን ቀይራ ስትመጣ ራሷን ያዘችው። ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። እሱ ሻይ ይቀዳላታል፤ እሷ ስታሰላ ድምፁን አጥፍቶ ይጠብቃል። አንዳንድ ጊዜ ስሌቱ አልቆም ሻዩ እስኪቀዘቅዝ እዚያው ይቀመጣሉ። ለመነሳት የሚቸኩል አልነበረም።

አንድ ቀን ግን ከሥራ ሲገባ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። አባባ በዚያው ቀን ወለሉ እስከ አጥሩ ድረስ ይስፋ ብለዋታል። አዲሱን ዋጋ ስትነግረው ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ስንተኛ ዋጋ ነው ይሄ? አባዬ ያለውን ሁሉ እሺ እያልሽ ትጨምሪያለሽ! አሁንስ ሆን ብለሽ መሰለኝ።»

ደሟ ፈላ። «የተጠየቅኩትን ነው ያሰላሁት። ለመለካት ለተመላለስኩበት መች አስከፈልኩህ?»

«ገንዘቡ አይደለም! እስከ ወሩ መጨረሻ ካልሄድኩ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል!»

«የት ነው የምትሄደው?»

ጠጋኙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሩቅ ነው» አለ። «በአውቶቡስ ሁለት ቀን ያስኬዳል። ትልቅ ሆስፒታል ነው፣ የሦስት ዓመት ውል። ወለሉን የማሠራው እኔ በሌለሁበት አባዬ እንዳይወድቅ ነው።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ አብረን ስንቀመጥ አንድ ቀን አትነግረኝም?»

«ለምን ብዬ? ወለል የምትሠሪልን ሰው አይደለሽ?»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ እሱንም አስደነገጠው። ግን ወጥቷል። እሷ ሜትሯን ቀስ ብላ ጠቀለለች።

«ልክ ነህ። ነገ ቁፋሮ እንጀምራለን። ሐሙስ ጠዋት ኮንክሪቱ ይመጣል፤ መጀመሪያ በተስማማነው ልክ፣ በመጀመሪያው ዋጋ።»

መንገድ ላይ ስትደርስ አባባ ለምን ሐሳባቸውን ይቀያይሩ እንደነበር ወለል ብሎ ታያት። ሽማግሌው ልጃቸውን ማቆያ ነበር የሚፈልጉት። እሷም አንድ ነገር እንዳለ ጠርጥራ ዝም ብላ ነበር፤ መመላለሱ ደስ ስላላት። ይህ ከስድቡ በላይ አሳፈራት።

ቁፋሮው፣ ሙሌቱና ፌሮው እስኪያልቅ ድረስ ከሠራተኞቿ በቀር ማንንም አላነጋገረችም። ጠጋኙ ውሃ ይዞ ሲወጣ ጀርባዋን ትሰጠዋለች። አባባም ከዘራቸውን ተደግፈው ቁፋሮውን ያያሉ።

ሐሙስ ጠዋት ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። የኮንክሪት መኪናው በርሜሉን እያሽከረከረ ደረሰ፤ የጓሮው ትልቅ በር ግን ተቆልፏል። አባባ ወንበራቸውን ከበሩ ጀርባ አስጠግተው፣ ቁልፉን ጨብጠው ተቀምጠዋል።

«አባዬ፣ ክፈት በናትህ!» ጠጋኙ በሩን ደበደበ።

«አልከፍትም።»

የመኪናው ሹፌር በመስኮት ብቅ አለ። «እህቴ፣ ከዚህ በላይ ከቆየ በርሜሉ ውስጥ ይደርቃል። እኔ ደግሞ በመዶሻ አልፈለፍለውም!»

ውሃልክ የምትከስረውን ታውቃለች። ይህ ኮንክሪት ከተደፋ የሠራተኞቿን የወሩን ደመወዝ የምትከፍልበት የላትም። ስሟም አብሮ ይደፋል። በቤቱ ውስጥ አልፋ በወጥ ቤቱ በር ወደ ጓሮው ወጣች። ጠጋኙ ሲከተላት በእጇ አስቆመችው፤ ደፉ ላይ ቀረ።

በፌሮው ላይ በተጋደመው ጣውላ ተራምዳ ከወንበሩ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«ልጄ፣ አትልፊ» አሉ አባባ። «ይሄ ነገር ከፈሰሰ ልጄ ሄደ ማለት ነው።»

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«መሄዱን የነገረኝ ለት ነው የገባኝ። ከዚያ በፊትም ግን አንድ ነገር እንዳለ ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ጠጋኙ ከኋላዋ ቆሞ እንደሚሰማ ታውቃለች።

«ወደዚህ ቤት መምጣት ስለወደድኩ ነው። እኔም እንዲሄድ አልፈልግም።»

ሽማግሌው በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

«ታዲያ ለምን ይሄን መኪና ታመጭብኛለሽ?»

«ብንከለክለው ይቀር ይሆናል። ግን ዕድሜውን ሙሉ እርስዎን ከጭቃ ሲጠብቅ ይኖራል። ወይ ደግሞ ይሄድና አንድ ቀን አባትህ ወደቁ ተብሎ ይጠራል። እንደዚያ ሆኖ እንዲመጣ አልፈልግም። ሲመጣ ወዶ ይምጣ።»

ውጭ በርሜሉ ያጓራል። አባባ ቁልፉን የጨበጡበትን ጡጫ ፈቱ።

«እንቺ። እጄ እምቢ አለኝ። አንቺ ክፈቺው።»

ከዚያ በኋላ የመናገሪያ ጊዜ አልነበረም። ኮንክሪቱ እንደ ወፍራም ገንፎ ተንዶ ወረደ። ጠጋኙ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ አካፋ ይዞ ከሠራተኞቹ መሃል ገባ። ውሃልክ እየጮኸች ታዝዛለች፤ እሱም ሳያንገራግር ይታዘዛል። ማለስለሻው ጣውላ ወለሉን አስተካክሎ ጫፍ ሲደርስ የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች ወረዱ።

«ላስቲኩን!»

ትልቁን ላስቲክ በአንድ በኩል እሷ፣ በሌላ በኩል እሱ ይዘው ዘረጉት። ዝናቡ ላስቲኩን ይወግረው ጀመር። ጫፍና ጫፍ ይዘው፣ በውሃ ርሰው፣ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ሰምቻለሁ» አለ።

«አውቃለሁ። ጫፉን አጥብቀህ ያዝ።»

ኮንክሪት እየጠነከረ ሲሄድ ውሃ መጠጣት አለበት። ለዚህ አንድ ሠራተኛ መላክ ይበቃ ነበር፤ እሷ ግን በየጠዋቱ ራሷ መጣች። እሱም የውሃ ጎማውን ይዞ ይጠብቃታል። ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ውሃውን ዘጋ።

«ያን ቀን ያልኩሽን... ምነው አፌን በያዘኝ። የደበቅኩሽ ብነግርሽ መሄድ የሚያቅተኝ ስለመሰለኝ ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ያቅተኛል። ግን ቃል ሰጥቻለሁ። ውሉን አንድ ዓመት እንዲያደርጉልኝ ለምኜ እሺ አሉኝ። ትጠብቂኛለሽ?»

«ተቀምጬ መጠበቅ አልችልበትም፤ ሥራ አለኝ» አለች። «ሌላ ሰው ግን አልፈልግም።»

እጇን ያዘ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ዓመቱ ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ በየእሁዱ ይደውል ነበር። ኋላ ጥሪው እያጠረ መጣ። አንድ ጊዜ ሆስፒታሉ ውሉን አድሶ እንዲቆይ እንደሚፈልግ፣ ደመወዙንም እንደሚያሳድግለት ነገራት። ምን እንዳላቸው ግን አልነገራትም፤ እሷም ኩራት ይዟት አልጠየቀችም። ከሥራ ስትወጣ አባባ ዘንድ ጎራ ትላለች። ስለ እሱ ሳያነሱ ስለ ሌላው ሁሉ ያወራሉ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አባባ ፀሐይ ላይ ወንበራቸው ውስጥ ሸለብ አድርጓቸው፣ እሷ አጠገባቸው ተቀምጣ ሳለ በሩ ተከፈተ። ጠጋኙ ነው፤ ከስቶ፣ አቧራ ለብሶ፣ ሻንጣ ይዞ። ብድግ ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችና ወደ አባባ ጠቆመችው።

በጥፍሩ እየተራመደ ተጠጋ።

«ለስንት ቀን ነው የመጣኸው?» አለች በሹክሹክታ። መልሱን እየፈራች።

«አይሆንም አልኳቸው።»

«ምን?»

«እንድቆይ ሲጠይቁኝ። አይሆንም አልኳቸው።»

እጅጌውን ጨምድዳ ያዘች። መጮህ አማራት፤ አባባ እንዳይነቁ ብላ ግንባሯን ትከሻው ላይ ቀበረች።

አባባ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ጠቅ አደረጉ።

«አንተ ልጅ፣ ጮክ በል እንጂ! እኔም ልስማው።»