አባዬ ያላጨሰው ሲጋራ

«‹አጨስ ነበር› ብለሽ ጻፊ።»

ማራናታ እስክሪብቶውን ከደብተሩ ላይ አነሳች። አባቷ ተረፈ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ግራ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ይጠብቃታል። ምላሱ ስላበጠ ቃላቱ ወፍረውና ተጎትተው ነው የሚወጡት። ከቤተሰቡ በስተቀር በአንድ ጊዜ የሚረዳው ሰው የለም።

«አባዬ፣ አንተ እኮ አጭሰህ አታውቅም።»

«ጻፊ። ‹መንገድ ላይ፣ ከሹፌሮች ጋር፣ ተደብቄ አጨስ ነበር። ጌታ ይቅር ይበለኝ።› ሌላ አታብዢ። እሁድ አንቺ ታነቢልኛለሽ።»

ተረፈ ከቴፒ ቡና እየጫነ ሃያ ዓመት አይሱዙ ነድቷል። ሌሎቹ ሹፌሮች ጫታቸውን ይዘው ሲጋራ ሲለኩሱ እሱ መስኮቱን ከፍቶ ይዘምር ስለነበር «ፓስተር» ብለው ስም አውጥተውለታል። ባለፈው ጥቅምት ምላሱ ጎን ላይ ትንሽ ቁስል ወጣበት። ጥርሴ ነክሶኝ ነው ብሎ በጨው ውሃ ተጉመጠመጠ፤ ማርም ቀባው። የማራናታ እናት ወሰንየለሽ ሐኪም ይየው ስትለው ሳቀባት።

«የአፍ ካንሰር ሲጋራና አረቄ የለመደ አፍ ነው የሚፈልገው። እኔ ከሻይ ሌላ ምን አውቃለሁ?»

ይህን ሲል ፈተና የደፈነ ተማሪ ይመስል ነበር። ሐኪም ቤት የሄደው መጋቢት ላይ ዳቦ መዋጥ ሲያቅተው ነው።

ወደ ጅማ ሲላክ ማራናታ አብራው ሄዳለች። ወጣቷ ዶክተር ያጨሱ እንደሆነ፣ ይጠጡ እንደሆነ፣ ይቅሙ እንደሆነ ጠየቀችው። ሦስቱንም አይ አላት። ማራናታ አታምነውም ብላ ፈርታ ነበር። ዶክተሯ ግን መልሱን ጽፋ ስታበቃ፣ «እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎችም ይመጡልናል። ለምን እንደያዛቸው ሁልጊዜ አናውቅም» አለችው። ሲወጡም እስከ በሩ ሸኘቻቸው። «ሦስት ሳምንት አልድን ያለ የአፍ ቁስል ያለው ሰው ካያችሁ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ቶሎ ይታይ።»

ከቁስሉ የተወሰደው ናሙና ውጤት ካንሰር ሆነ። ማክሰኞ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ከምላሱ ግማሹን ሊቆርጡለት።

በከተማቸው በሚዛን ወሬው ከውጤቱ ቀድሞ ደርሷል። ትምህርት ቤት፣ አጠገቧ የምትቀመጠው መክሊት በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብላ ጠይቃታለች።

«ማሩ፣ ፋዘርሽ ተደብቆ ያጨስ ነበር የሚሉት እውነት ነው?»

«አያጨስም።»

«እሺ ባክሽ፣ ምን ታፈጥጪብኛለሽ! ሹፌር ስለሆነ ብዬ እኮ ነው።»

ሐሙስ ዕለት ደግሞ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ጋሽ ሳህሉ ሙዝ ይዘው ሊጠይቁት መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም። ታናሽ ወንድማቸው በመጠጥ ነው የሞተው፤ በመጨረሻው ሳምንት ግን ሁሉን ተናግሮ፣ ንስሐ ገብቶ በሰላም አረፈ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሳህሉ በሽታ በር ሳያገኝ ሰው ውስጥ አይገባም ይላሉ።

«ወንድም ተረፈ፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንተን ለማሳጣት አይደለም። ግን የተደበቀ ነገር ካለ እሁድ ተናገረው። ጉባኤው በአንድ ልብ እንዲጸልይልህ ነው። አሁን ሰው ልቡ ተከፍሏል።»

ተረፈ የዚያን ዕለት ለሙዙ ብቻ አመስግኖ ሸኛቸው።

«ለምን ትዋሻለህ?» አለችው ማራናታ አሁን፣ እስክሪብቶውን እንደያዘች።

«በሩን ካላሳየኋቸው አያርፉም» አለ። ቆም ብሎ ምራቁን በመሐረብ ጠረገ። «ከተቆረጠ በኋላ እዘምር ይሆን፣ አላውቅም። ከመሄዴ በፊት ሁሉም እጃቸውን ጭነውብኝ እንዲጸልዩ እፈልጋለሁ። ሁሉም። አንዲት ወረቀት ናት፣ ማሩዬ።»

ወሰንየለሽ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። የሆነ ነገር ልትል ከንፈሯን አላቀቀች፤ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓሮ ወጣች።

ማራናታ ጻፈችው። «አጨስ» የሚለው ቃል ከመስመሩ ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ቦኖው ጋ ጄሪካኗን ስትሞላ ጎረቤታቸው እትዬ አስካለች ከኋላዋ ተሰለፉ። እትዬ አስካለች ከእናቶች መዘምራን አንዷ ናቸው፤ ሰፈር ውስጥ ሳያስቁ የሚያልፉት ሰው የለም። ዛሬ ግን ድምፃቸው ሌላ ነበር።

«አባትሽን ሲጀምረው ያመው ነበር?»

«መጀመሪያ አያመኝም ነበር ይላል።»

«እንዴት ያለ ነበር? ነጭ ነው ቀይ?»

ማራናታ ውሃውን ዘግታ ዞረች። «እትዬ፣ ለምን ጠየቁኝ?»

«ኧረ እንዲሁ ነው!» አሉ። ከዚያ ግራ ቀኝ አይተው ጉንጫቸውን በጣታቸው ሳብ አደረጉ። ውስጡ ላይ ዙሪያው የቀላ ነጭ ነገር አለ። «ከፋሲካ በፊት ጀምሮ አለች። በርበሬ ሲነካት ታቃጥለኛለች እንጂ ሌላ ምንም አታደርገኝም።»

«ሐኪም ቤት ይሂዱ! ዛሬውኑ!»

«እኔ? የሲጋራ ጭስ ያየሁ እንደሆነ መንገድ የምሻገር ሴትዮ?» ሊስቁ ሞከሩ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰሞኑን እንቅልፍ አጥቻለሁ። አባትሽን እያየሁ ‹እሱ እንኳን ከያዘው› እላለሁ። አሁን ግን ነገ ይመሰክራል አሉ። ምክንያቱ ከታወቀ ልቤ ያርፋል፤ እኔ ያን የመሰለ ነገር የለብኝማ። ለማንም እንዳትነግሪ፣ በጌታ ይዤሻለሁ!»

ማራናታ ጄሪካኑን ተሸክማ ቤት እስክትደርስ የጻፈችው ዓረፍተ ነገር ከአእምሮዋ አልወጣም። አባቷ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ለራሱ ሲለው የከረመውን፣ ያላጨሰ ሰው አይያዝም የሚለውን፣ ነገ እሷ በማይክራፎን ለእትዬ አስካለች ልትደግምላቸው ነው።

እሁድ ጠዋት አባቷ ሸሚዙን ሲቆልፍ ነገረችው።

«አላነበውም።»

ጣቶቹ ቁልፉ ላይ ቆሙ።

«ከጉባኤያችን አንድ ሰው አፉ ውስጥ ቁስል አለበት። አጨስ ነበር ካልክ፣ እንግዲያው እኔን አይነካኝም ብሎ ሊቀመጥ ነው። እንደ አንተ።»

«ማነው?»

«እንዳልናገር ለምኖኛል።»

ተረፈ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ዓይኖቹ እንባ ሞሉ። «እኔስ?» አለ። «ያለ ጸሎት ልሂድ?»

አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለሆነ ጋሽ ሳህሉ ጮክ ብለው ነው የተናገሩት። «ወንድም ተረፈ ቃል አለው። ልጁ ታነብለታለች።»

ማራናታ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። አባቷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አቀርቅሯል። እናቷ እጁን ይዛዋለች። እትዬ አስካለች ከመዘምራኑ መካከል ሆነው አንገታቸውን አስግገዋል።

«አባቴ እንዳነበው የሰጠኝ ወረቀት አለ» አለች። ድምፅዋ በማይክራፎኑ ውስጥ የሌላ ሰው መሰላት። «አላነበውም። አባቴ አጭሶ አያውቅም። ጠጥቶም አያውቅም። ምላሱን የያዘው ካንሰር ነው፤ ለምን እንደያዘው ዶክተሯም አላወቀችም። እሱ ግን አላጨስም፣ አልጠጣም፣ እኔን አይነካኝም ብሎ ቁስሉን ይዞ አምስት ወር ተቀመጠ። እዚህ ውስጥ አፉ ላይ አልድን ያለ ነገር ያለው ሰው ካለ፣ ቶሎ ይታይ።» ወረቀቱን አጠፈች። «እባካችሁ፣ ለአባቴ ጸልዩለት።»

ጋሽ ሳህሉ ማይክራፎኑን ተቀብለው ወለሉን አዩ። «ወንድም ተረፈ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «ልጅህ ያለችው እውነት ነው?»

ተረፈ የወሰንየለሽን እጅ ለቆ ተነሳ። አሁን እንኳን አይደለም ብሎ የሚፈልገውን ሊያገኝ ይችላል። አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ተጎትቶ ወጣ። ብዙዎቹ ስላልገባቸው ደገመው።

«እውነት ነው።»

ሊጸልዩለት ወጡ፤ ሁሉም ግን አልወጡም። ባሉበት የቀሩ ነበሩ። ዝናቡን ሳይፈሩ በጎን በር የሄዱም ነበሩ። ጋሽ ሳህሉ መጨረሻ ላይ መጡና እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ። ከንፈራቸው ቢንቀሳቀስም የሚሉት አይሰማም ነበር። ማራናታ ከመድረኩ ሆና አባቷ ላይ ያረፉትን እጆች ቆጠረች፤ መቁጠሯ ደግሞ አሳፈራት።

አባቷ እስከ ቤት ድረስ አላናገራትም። ምሳ ላይ ሾርባውን በማንኪያ እያቀዘቀዘ ጠጣ። ሲጨርስ ሳህኑን ገፋ አደረገና፣

«አስካለች ናት» አለ።

ማራናታ ሳህኑን አነሳች።

«ስትዘምር አይቻታለሁ። አፏን እንደ ድሮው አትከፍትም። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ብቻዋን አትሄድም። አውቃታለሁ። ዛሬ እሄዳለሁ ትላለች፣ ነገ ትላለች።»

«እናቴ ትውሰዳቸው።»

«ለእናትሽ መች አሳየቻት? ያሳየችው ላንቺ ነው።»

ማራናታ ነገን አሰበች። ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡሱ ይወጣል። ነገ አባቷ በሙሉ ምላሱ ቤት ውስጥ የሚናገርበት የመጨረሻ ቀን ነው። ከትምህርት ቤት ቀርታ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ልትቀመጥ፣ የሚለውን ሁሉ ልትሰማ ነበር ያቀደችው።

«ነገ ካንተ ጋ መዋል ነው የምፈልገው» አለች። እንባዋ መጣ።

«እኔም» አለ ተረፈ። ሌላ አልጨመረም። ሂጂም ቅሪም አላላት።

ሰኞ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ጭቃ ብቻ ሆኗል። ማራናታ የእናቷን ቦቲ ጫማ አጥልቃ የእትዬ አስካለችን የአጥር በር ከፍታ ገባች። በሩን ሁለት ጊዜ አንኳኳች። ከውስጥ «ማነው በማለዳ?» የሚል ድምፅ መጣ።

«ማራናታ ነኝ። ይልበሱ፤ ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን።»

ማራናታ ደጁ ላይ ያለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ወደ ቤታቸው አቅጣጫ ላለመመልከት ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ጠበቀች።