ከአፈር በታች ያለው ከረጢት

በእንዝራ መንግሥት የዙፋኑ እግር እንጉዳይ ያበቀለ ዕለት፣ ክፉ ነገር እንደመጣ ሰው ሁሉ አወቀ። ዙፋኑ ነገሥታት ሲወጡና ሲወርዱ ያየ ደረቅ ወይራ ነው፤ ደረቅ እንጨት ምን በወጣው ያበቅላል? ግን አበቀለ። በማግስቱ ንግሥት አንጓችን የጉም ሕመም ያዛቸው። ይህ ሕመም የያዘው ሰው ገላው ይቀዘቅዛል፤ ትንፋሹ እንደ ጧት ጭጋግ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ጭጋጉ ያለቀ ዕለት ሰውየውም አለቀ ማለት ነው።

መድኃኒቱ በወብራ ጫካ የሚበቅለው «ነጭ ጥላ» የተባለው እንጉዳይ ነው። ይህን በእንዝራ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ጉዱ ሌላ ነው፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ መድኃኒቱን የጠጣ በሽተኛ አንድም አልዳነም! ሕዝቡም «ሕመሙ ከፍቷል» ብሎ አልቅሶ ተቀመጠ። መቀመጥ ያቃታት የንግሥቲቱ ታናሽ እህት ምንታምር ብቻ ነበረች። ድሮም አንድ ቦታ የማትረጋ ልጅ፣ አሁንማ በእህቷ ደጃፍ ስትንቆራጠጥ ዋለች። በመጨረሻም ሸንጎው መሐል ገብታ ቆመች።

«እናታችን ስትሞት እናት የሆነችኝ እሷ ናት! ሰማይ ይስማኝ፣ ምድር ትመስክርብኝ! የሚያድነውን ነጭ ጥላ ሳልይዝ ተመልሼ የእንዝራን በር ብሻገር፣ ስሜ ከዘሬ ይፋቅ!»

አብረዋት የወጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ጦረኛው ቢሰውር፣ ሌላው የእናቷ ወንድምና የቤተ መንግሥቱ ቀማሽ አለቃ ጓንጉል። በእንዝራ ሕግ ቀማሽ ያልቀመሰው እንጉዳይ ከጫካ አይወጣም፤ ቀምሶ ፀሐይ እስክትጠልቅ ደህና ከሆነ ግን ይታመናል። አለቃም «ሆዴ እኮ የመንግሥት ንብረት ነው፤ እኔ የምጠብቀው በአደራ ነው» እያሉ መንገዱን ሙሉ ያስቋቸው ነበር። ምንታምር ግን ሳቋ ከከንፈሯ አላለፈም፤ ልቧ እቤት ነው።

ወብራ ሲደርሱ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። በዝግባዎቹ ሥርም፣ በገላጣው ሣር ላይም ነጫጭ ቆቦች ፈልተዋል። ምንታምር እያንዳንዱን ከአፈር በላይ በቢላ ቆረጠች። መንቀል ክልክል ነው፤ የነቀለ ሰው የግርዶ ነው። ግርዶ ጀርባው ሽበት ያበቀለ፣ ዓይን የሌለው፣ ሥር ሲነቀል ከአፈር ውስጥ ሆኖ የሚሰማ አውሬ ነው። በእንዝራ ከአፈር በታች ያለውን የእንጉዳይ እግር አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም።

አለቃ ከዝግባው ሥር የተቆረጠውን አንሥተው አሸተቱ፤ ቆቡን ገልብጠው እጥፋቱን አዩ። «ሽታው መልካም፣ እጥፋቱ ነጭ። ነጭ ጥላ ለመሆኑ ጥርጥር የለውም» አሉና ጠብሰው በሉ። ፀሐይ ጠለቀች፤ አለቃ ደህና ናቸው፤ እንዲያውም አንጎራጎሩ። ቢሰውር ጭነቱን አሰረ።

ሲነጋ አለቃ ሆዳቸውን ይዘው ተገኙ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ልጄ፣» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ «ከእኔ በፊት የነበሩት ቀማሾች በተመለሱ ማግስት ነው የሞቱት። እኛ ሞኞቹ ሕመሙ ተጋባባቸው ብለን ቀበርናቸው። ለካ ይኸ መርዝ ትዕግሥተኛ ነው! ፀሐይ እስክትጠልቅ ዝም ይላል።»

ምንታምር ቅርጫቱን መሬት ላይ ዘረገፈችው። ይህን ለእህቷ ልታጠጣት ነበር! በጉልበቷ ተንበርክካ አንዱን አንሥታ ሌላውን ትጥላለች። ቆቡ ያው፣ እጥፋቱ ያው፣ ሽታው ያው። እያለቀሰች ታገላብጣለች። ድንገት እጇን አቆመች።

«ያላየነው ከአፈር በታች ያለውን ብቻ ነው» አለች።

«እመቤቴ፣ ይተዉ!» አለ ቢሰውር። «ግርዶ ይሰማል!»

«ይስማ!»

አጎቷ የበሉትን እንጉዳይ የቆረጠችበትን ጉቶ ፈልጋ ቢላዋን አፈሩ ውስጥ ሰካች፤ ነቀለችው። እግሩ በነጭ ከረጢት ውስጥ ቆሟል፤ ጫጩት የወጣችበት የእንቁላል ቅርፊት ይመስላል። ሌላውን የዝግባ ሥር ጉቶ ነቀለች፤ ከረጢት። ወደ ገላጣው ሣር ሮጣ አንድ ነቀለች፤ እግሩ ባዶ ነው። ደግማ ነቀለች፤ ባዶ።

«አጎቴ! አገኘሁት! ከረጢት ያለው ነው የሚገድለው!»

ምድሪቱ አጉረመረመች። ሣሩ ለሁለት ተከፈለና ግርዶ ወጣ፤ አፍንጫው የነቀለችውን እጅ እየፈለገ። ቢሰውር ጦሩን ወረወረ፤ ጦሩ ከሽበቱ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ያን ጊዜ አለቃ ጓንጉል እየተሳቡ ደርሰው ሁለት እጃቸውን አፈር ውስጥ ከተቱ፤ አንድ ጉቶ ከነሥሩ መዘው ወደ ላይ አነሡ።

«የምድር ዘበኛ ሆይ፣ ነቃዩ እኔ ነኝ! የእንዝራ ቀማሽ፣ የደባሽ ልጅ ጓንጉል! ሌላ እጅ አትፈልግ!» ወደ ምንታምርም ዘወር አሉ። «ንፁሑን ቅመሽና ሂጂ። በሕይወት ከደረስሽ፣ ለእሷም መድኃኒት ነው።»

ግርዶ እሳቸውን ይዞ ወደ አፈር ገባ። ምንታምር ጮኸች፤ ቢሰውር በግድ ይዞ አስቀራት። ከዚያ በኋላ ከባዶ እግሩ እንጉዳይ ቆርሳ ዋጠች፤ የቀረውን ይዛ መንገድ ጀመረች።

አቤት የመልሱ መንገድ! ሆዷ ባጉረመረመ ቁጥር «መጣ» ትላለች። ራሷን ባዞራት ቁጥር ትቆማለች፤ ቆማ ደግሞ እህቷ ትዝ ትላትና ትሮጣለች። ቢሰውር «እንረፍ» ሲላት አትሰማም። ጀምበር ጠለቀች፣ ነጋ፣ ደግሞ ጠለቀች፣ ደግሞ ነጋ፤ በእግሯ ቆማ የእንዝራን በር ገባች።

የንግሥቲቱ ትንፋሽ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ምንታምር የተቀቀለውን በጽዋ አቀረበች። ንግሥቲቱ ዓይናቸውን ገልጠው ጽዋውን ሳይሆን በሩን አዩ።

«አጎቴ ቀምሰውታል?»

«አልቀመሱትም፣ እትዬ» አለች ምንታምር። «ይህን የቀመስኩት እኔ ነኝ። እሳቸው የቀመሱት የሚገድለውን ነው። ግርዶ ለጥፋቴ ሊበላኝ ሲል ደግሞ በእኔ ቦታ ተበሉ።»

ንግሥት አንጓች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ምንታምር እንቢ ያሉ መስሏት ክው አለች። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ፤ ጽዋውን ተቀብለው፣ እንባቸው እየተቀላቀለበት፣ እስከ አተላው ጠጡት። የቀዘቀዘው ገላቸው ሞቀ፤ ትንፋሻቸውም ጭጋጉን ትቶ እንደ ጤነኛ ሰው ጠራ። ውጭ መለከት ተነፋ፣ እልልታው ቀለጠ፤ ውስጥ ግን ሁለቱ እህቶች አንገት ለአንገት ተያይዘው «ጓንጉል! ጓንጉል!» እያሉ ሙሾ አወጡ።