የፈረምኩበት እስክሪብቶ

ኮራ አይስክሬም ልታወጣ ጋራዥ ስትገባ እናቷ ካርቶን ስትገጣጥም አገኘቻት።

ካርቶኖቹ ከፍሪዘሩ ጀርባ ተጣጥፈው የሚቆዩ ናቸው። የአሰልጣኝ ቤተሰብ ካርቶን አይጥልም። በወፍራም ማርከር አራት የከተማ ስሞች ተጽፈውባቸዋል፤ ዱሉት፣ ፒዮሪያና ቶፒካ ድሮ የተሰረዙ ናቸው። አራተኛው፣ አሁን የሚኖሩበት የኢንዲያና ከተማ፣ የተሰረዘው ግን ዛሬ ነው። ማርከሩ ገና ይሸታል።

«በሩን ዝጊው» አለቻት እናቷ ቀና ሳትል። «ጎረቤት እንዳያይ።»

«ወዴት ነው ደግሞ?»

«ፍሎሪዳ። አባትሽን ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ቀጥሮታል። ሐሙስ በዜና ይነገራል፤ እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ነገ ታሚያ ለኮራ አባት ቡድን ለመጫወት ትፈርማለች።

ታሚያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ በከተማዋ ውስጥ ኳስ ከያዘች የሚያስቆማት የለም። ኮራ ገና አሥረኛ ክፍል ብትሆንም በየጠዋቱ በአሮጌ መኪናዋ ትምህርት ቤት የምታደርሳት ታሚያ ናት። የኮራ አባት ዌይን ደግሞ የከተማዋን ኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ያሠለጥናል። ተጫዋች ለማግባባት የልጅቷ ወላጆች ቤት ሲሄድ ኮራን አስከትሎ ነው። «አንቺን ሲያዩ እናቶች ይለሰልሳሉ» ይላል፣ ትንሽ እንኳን ሳያፍር።

ሶፋ ላይ ይቀመጣል፣ የቀረበለትን ጠራርጎ ይበላል፣ ከዚያ ታሪኩን ይጀምራል። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ያስፈረመው አሰልጣኝ በሁለተኛው ሳምንት ጥሎት ሌላ ኮሌጅ ገባ። ወሬውን የሰማው ፀጉር ቤት ተቀምጦ፣ ከሬዲዮ ነው። አዲሱ አሰልጣኝ ሦስት ዓመት ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ በመጨረሻ ሲያስገባው የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። «እኔ ይህንን በማንም ልጅ ላይ አላደርግም» ሲል ድምፁ ይሰበራል። ኮራ ታሪኩን በስምንት ሳሎን ሰምታዋለች፤ ድምፁ የሚሰበረው ሁልጊዜ እዚያው ቃል ላይ ነው። ሲጨርስ ከኪሱ ሰማያዊ እስክሪብቶ ያወጣል። «ያኔ የፈረምኩበት ነው። አንቺም ፈርሚበት።» በዚህ ጊዜ ኮራ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

ታሚያ ቤት በሄዱ ቀን የታሚያ እናት ሎሬን ወደ ኮራ ዞር ብላ፣ «አባትሽ ቃሉን ይጠብቃል?» ብላ ጠይቃት ነበር። ኮራም «ይጠብቃል» አለች።

አባቷ ለእራት ሲገባ እንኳን ደህና መጣህ አላለችውም።

«ታሚያስ?»

«ታሚያ ምን?»

«የምትፈርመው እኮ ላንተ ብላ ነው። ይዘሃት ሂድ።»

አባቷ ጉልበቱን እያሸ ተቀመጠ። «እዚያ እንደሷ ያሉ ሦስት ልጆች አሉ። ሦስቱም ከሷ ይረዝማሉ።»

«እዚህ ማን ሊያሠለጥናት ነው?»

«ብራንት።» ምክትሉ ነው፤ ታሚያን አጭር ናት እያለ ከመጀመሪያው አልፈለጋትም።

«ስለዚህ ወንበር ልታሞቅ ነው። እንዳንተ።»

«እኔ ሞትኩ?» አለ አባቷ። «ስሚ። የኮሌጁ ስፖርት ዳይሬክተር አምስቱን ልጆች አስፈርመህልኝ ከሄድክ በሰላም እለቅሃለሁ ብሎኛል። አራቱ ፈርመዋል። አንዷ ከጎደለች ውሌን ይዞ ያስቀረኛል፤ ፍሎሪዳዎቹ ደግሞ አይጠብቁኝም። ሃያ ሁለት ዓመት፣ ኮራ! ቪዲዮ ስቆርጥ አምሽቼ ቢሮ ወለል ላይ ተኝቻለሁ። የሌላ ሰው ተጫዋቾች የጠረጉበትን ፎጣ አጥቤያለሁ። በሕጉ አሰልጣኝ ፊርማው ላይ መገኘት አይችልም። አንቺ የቡድኑን ቲሸርት ለብሰሽ ትሄጃለሽ፣ ታጨበጭቢያለሽ።»

«ፈርማ ካወቀችስ? ልቀቁኝ ብትል?»

«አንድ ዓመት ሳትጫወት ትቀመጣለች። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።»

እናቷ ድንቹን ወደ እሱ አስጠጋችለት። ኮራ አባቷን ያን ያህል ጠልታው አታውቅም፤ የበለጠ ያቃጠላት ደግሞ በረሃብ እንደቆየ ሰው አቀርቅሮ ሲበላ ስታየው ማዘኗ ነበር።

ጠዋት ታሚያ የመኪናዋን ጡሩምባ እየነፋች መጣች።

«ትናንት ያ ሲፈልገኝ የነበረው የሌላው ኮሌጅ ኮች ደወለችልኝ» አለች መኪናውን እያስነሳች። «ቦታሽን እስከ ዛሬ ስምንት ሰዓት አቆይልሻለሁ አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ለኮች ዌይን ቃል ገብቻለሁ ብዬ ዘጋሁት።»

ኮራ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች።

«ምነው አፍሽ ተለጎመ?»

«እንቅልፍ።»

«አቦ ፈታ በይ! ዛሬ ሰርጌ ነው በይው!»

ትምህርት ቤት እስኪደርሱ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ኮራ አሥራ ሁለቱንም በስልኳ ሰዓት ላይ ቆጠረች።

ከሰባት ተኩል በኋላ የትምህርት ቤቱ ጂም ጢም አለ። ጠረጴዛው ላይ የኮሌጁ ኮፍያ፣ ወረቀቱና ሰማያዊ ኬክ ተደርድረዋል። ሎሬን በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ፈረቃዋን ለውጣ፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጥታለች። ርዕሰ መምህሩ በማይክ ንግግር ያንዛዛል። ኮራ ከመቀመጫዎቹ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ናት። ስልኳ ነዘረ።

«ፈረመች?» ይላል የአባቷ መልእክት። ወዲያው ሌላ ተከተለ። «ኮራ?»

ታሚያ ወረቀቱን ሳብ አድርጋ የእስክሪብቶውን ክዳን ነቀለች። ኮራ ተነሣች።

«የኮች ዌይን ልጅ እየመጣች ነው!» አለ ርዕሰ መምህሩ። «አጨብጭቡላት!»

ጂሙ በጭብጨባ ተናወጠ። ኮራ ሜዳውን አቋርጣ ጠረጴዛው ጋ ደረሰች፤ እስክሪብቶውንም ከታሚያ እጅ ወሰደችው።

«ምን ሆነሻል?» አለች ታሚያ፣ ለካሜራው ፈገግ እንዳለች።

ኮራ ጎንበስ አለች። «አባቴ ሊሄድ ነው፤ ነገ ይነገራል። የሚተካው ብራንት ነው።»

«ቀልድሽን ተይ፣ ሰው እያየን ነው።»

«እውነቴን ነው።»

«ኮች እንዲህ አያደርጉም። በሳቸው ደርሶባቸዋል እኮ! የራሳቸውን እስክሪብቶ ነው የሰጡኝ።»

«በደርዘን ነው የሚገዛው» አለች ኮራ። «መሳቢያው ውስጥ አራት ቀርተዋል።»

የታሚያ ፈገግታ ቶሎ አልጠፋም። ምን ማድረግ እንዳለበት ያላወቀ ይመስል ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ።

«እኛ ቤት ሶፋው ላይ ሆነሽ ታውቂ ነበር?»

«የእስክሪብቶውን አዎ።»

«ዛሬ መኪና ውስጥስ?»

«ሁሉንም።»

ታሚያ ከዚያ በኋላ አላየቻትም። «እማ፣ ስልኬን አቀብዪኝ» አለች። ሎሬን የኬኩን ቢላ እንደያዘች አንዴ ልጇን፣ አንዴ ኮራን ታያለች። ከመቀመጫዎቹ ገና ያጨበጭባሉ። የግድግዳው ሰዓት ለስምንት አሥር ጉዳይ ይላል።

ኮራ እስክሪብቶውን ኪሷ ከትታ ወደ በሩ ሄደች። ስልኳ እንደገና ነዘረ። ደፉ ላይ ቆማ ለአባቷ መለሰችለት።

«አልፈረመችም። የነገርኳት እኔ ነኝ።»

ላከችው። የሚያደርሳት ሰው ስላልነበረ በእግሯ ጉዞ ጀመረች።