ከበሩ ውጭ የተቀመጠው ወንበር

ቫይሞአና በጆሮ ማዳመጫዋ ገመድ ታንቃ ድምፅ መቅጃው ክፍል ወለል ላይ ተጋድማለች። ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። ኢንስፔክተር ላቪኒያ አጠገቧ ተንበርክካ አንገቷን ካየች በኋላ ዓይኗ ወደ ወገቧ ወረደ። ሟቿ የታጠቀችው ሰው ለእሑድ ጸሎት የሚታጠቀውን የወገብ ሰሌን ነው። ማይክሮፎኑ ፊት የመዝሙር መጽሐፍ ተከፍቶ ቆሟል። ከክፍሉ በር ውጭ አንድ ወንበር አለ፤ ጀርባውን ለክፍሉ የመስታወት መስኮት ሰጥቶ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ሳጅን ማላካይ። «ወንድሟ ነው። ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ከዚህ ግቢ ሲሮጥ ጎረቤት ሁሉ አይቶታል። እህቱ በዘፈን ስታቃስት አገር እየሰማ፣ እሱ በምን ፊቱ ቤተ ክርስቲያን ይገባል?»

ያንን ዘፈን በደሴቲቱ ዋና ከተማ በኑኩአሎፋ የማያውቀው የለም። መሐል ላይ ዜማው ይቆምና የቫይሞአና ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፤ የሚቆራረጥ፣ የሚያቃስት። አውቶቡስ ውስጥ ጎረምሶች ይኮርጁታል። ገበያ ስትወጣ ሽማግሌ ሳይቀር ከኋላዋ ያቃስትባት ነበር።

«ወንድሟን ያዘው» አለች ላቪኒያ። «ግን እጅህን እንዳታነሳበት።»

ጊታር መቺው ፎላው በረንዳው ላይ ቁጭ ብሏል።

«ከሰዓቱን ሁሉ እዚሁ ነበርክ?»

«እዚሁ ነበርኩ። በፊት ለፊት ማንም አልገባም። የኋላው በር ግን ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ በዚያ ዶሮም ይገባል።»

«የሰማኸው ነገር አለ?»

ፎላው የጊታሩን ክር በጥፍሩ ፋቀ። «ሁላችንም ሰማን፣ ኢንስፔክተር። አለቃችን ሎፔቲ ጠዋት ‹ዛሬ የትንፋሹን ክፍል ነው የምንቀዳው፤ ማንም በሩን እንዳያንኳኳ› ብሎን ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ትንፋሹ መጣ። እኔም ‹ዛሬስ ገብታበታለች› ብዬ ቀለድኩ።»

«ማን ሳቀ?»

«እኔ ነኝ» አለች ከኋላ የምታጅበው ዘፋኝ ኤሴታ። ጓዳው ደፍ ላይ ቆማ የሽርጧን ጫፍ ታፍተለትላለች። «ምን ላድርግ፣ እህቴ? ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር። ሎፔቲ በሩን ከውጭ ይቆልፍባትና ‹ገና አልመጣም፣ ድገሚው› ይላታል። አንድ ቀን ሃያ ሦስት ጊዜ አስደግሟታል፤ ቆጥሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ‹ከእንግዲህ በቃኝ፤ እንዴት እንዳስቀዳኸኝም በሬዲዮ እናገራለሁ› አለችው።»

«እሱስ?»

«ሳቀባት። ‹ያለዚያ ትንፋሽ ማን ያውቅሻል?› አላት።»

የስቱዲዮው ባለቤት ሎፔቲ ዓይኑ ቀልቷል። ለላቪኒያ ወንበር በእጁ ጠርጎ አቀረበላት።

«የት ነበሩ?» አለችው።

«ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ዓሣ ልገዛ ወጣሁ፣ እህት። ስመለስ ልጄ እንዲህ ሆና አገኘኋት። እኔኮ ነኝ ያሳደግኳት።»

«ዛሬ ምን ልትቀዳ ነበር የመጣችው?»

«መዝሙር። ለእናቷ መታሰቢያ። ሰኞ ለመነችኝና እሺ አልኳት። ሌላ የምንቀዳው ነገር አልነበረም፤ መጽሐፉ ይኸው አይደል?»

ላቪኒያ ሁሉንም ጻፈች።

ወንድምየው ኢሲሌሊ ጣቢያው ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር። ዲያቆን ነው፤ ሸሚዙ አንገቱ ድረስ ተቆልፏል።

«ኢሲሌሊ፣ ምን ሰማህ?»

የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ነካካ።

«ዝም ካልክ ከዚህ አትወጣም።»

«እሱን ነገር በአንደበቴ አልጠራውም። እህቴ ናት።»

በዚህ ደሴት ወንድምና እህት እንዲህ ያለውን ነገር አብረው አይሰሙም፣ አያዩምም። ላቪኒያ አራት ወንድሞች አሏት። ቴሌቪዥን ላይ ሰዎች መሳሳም ሲጀምሩ፣ እሷ ሳሎን ካለች አራቱም ተነሥተው ይወጣሉ። ውጭ አገር ስትማር ይህንን አውርታ ጓደኞቿን አስቃ ነበር፤ አብራም ስቃለች። አሁን አላሳቃትም።

«እሺ፣ አትናገር። እኔ ልናገር፣ አንተ አዎ ከሆነ ራስህን ነቅንቅ። መዝሙር ስትዘምር መጥተህ እንድትሰማት ጠርታሃለች?»

ነቀነቀ።

«የሸሸኸው ከዚያ ድምፅ ነው?»

እንደገና ነቀነቀ። ላቪኒያ ያ ድምፅ በእውነት ምን እንደነበረ ልትነግረው ጀምራ ተወችው።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኢሲሌሊ ጀርባውን ሰጥቶ መስኮቱ ጋ ቆመ።

«ከወንበሩ ልጀምር» አለች። «ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጥቶ ያስቀመጠችው ራሷ ናት። ወንድሟ ሳያያት፣ እሷም ሳታፍር እንዲሰማት። ዘፋኝ ከሆነች ወዲህ ድምፅዋን ሰምቶ አያውቅም። ሰሌን የታጠቀችው፣ መዝሙሩን የከፈተችው ለእሱ ነው። አሁን ልጠይቃችሁ። ወንድሟን እየጠበቀች ያንን ትንፋሽ የምትቀዳ ሴት በዚህ ደሴት ላይ አለች?»

ፎላው ራሱን ወዘወዘ።

«የለችም። ታዲያ የሰማችሁት ዘፈን አልነበረም። ትንፋሽ አጥሯት ነው።»

ኤሴታ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ፎላው ጊታሩን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ገዳዩ በኋላው በር ገባ። በዚያ ሁላችሁም መግባት ትችሉ ነበር። ግን ድምፁ ሳይወጣ በፊት ‹ዛሬ ትንፋሽ ትሰማላችሁ፣ አታንኳኩ› ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያው ሰው ለእኔ ‹ከመዝሙር በቀር የምንቀዳው አልነበረም› አለኝ። መዝሙር መሆኑን እያወቅህ ትንፋሽ እንደሚመጣ በምን አወቅህ፣ ሎፔቲ? መዳፍህን ክፈት።»

ሎፔቲ መዳፉን አልከፈተም። ማላካይ በግድ ሲከፍተው ቀጭን የገመድ ሰንበር በሁለቱም መዳፎቹ ላይ ተጋድሟል።

«ያለ እኔ ማን ያውቃት ነበር?» አለ ሎፔቲ ሲወጣ። ሁሉም የሚያስቡት ስለ ሌላ ነገር ነበር። ሦስት ሰው በቅርብ ሆኖ ሰምቷታል። አንዱ ቀለደ፣ አንዷ ሳቀች፣ አንዱ ጆሮውን ይዞ ሮጠ።

የኤሴታ ስልክ ጮኸ። አነበበችና ለላቪኒያ አሳየቻት። ቫይሞአና ልትዘፍንበት የነበረው የኦክላንድ ኮንሰርት አዘጋጆች ናቸው፤ ሐዘናቸውን ገልጸው ዝግጅቱ አይቀርም ይላሉ። «ትንፋሹን አንቺ ትሠሪዋለሽ» ይላል መልእክቱ።

«ምን ልበላቸው፣ እህቴ?»

ላቪኒያ ስልኩን መለሰችላት። «የእኔ ሥራ ገዳይ መያዝ ነው» አለቻት።

ኢሲሌሊ ከመስኮቱ ዞረ። ከትናንት ጀምሮ በፈቃዱ የተናገረው ያኔ ብቻ ነው።

«ስንተኛው መዝሙር ነበር?»

«መቶ አሥራ ሰባተኛው» አለች ላቪኒያ።

ወደ ክፍሉ ሄዶ ደፉ ላይ ቆመ። አልገባም። ወንበሩ ላይ፣ ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጥቶ ተቀመጠና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መዝሙሩን ይጠብቅ ጀመር። እኩለ ቀን እስኪሆን ማንም ሊያስነሳው አልደፈረም።