ከሦስተኛው ድንጋይ አምስት

የዘርማት መንግሥት ምንጮች በአንድ ቀን ደም መሰሉ፤ በማግስቱ ደረቁ። ጉርዳም የተባለው አውሬ ምንጮቹን የሚያፈልቀውን የውሃ ዕንቁ ሰርቆ፣ በቤተ መንግሥቱ በር ላይ በጥፍሩ ጽፎ ሄደ፦ «ዕንቁው በድንጋዮቹ ጎዳና ላይ፣ ከሦስተኛው ድንጋይ አምስት ድንጋይ ርቆ ተቀብሯል።»

ጎዳናው ቀጥ ያለ ነው። መካከሉ ላይ አልቦ የሚሉት፣ ቁጥር ያልተቀረጸበት ድንጋይ አለ። ከአልቦ ወደ ምሥራቅ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባለ ይቆጠራል። ወደ ምዕራብም ድንጋዮች አሉ፤ የሙታን ናቸው ስለሚባል ግን ማንም ቆጥሯቸው አያውቅም። ሰባት ጀግኖች በሦስት ላይ አምስት ደምረው ወደ ስምንተኛው ሄዱ። አንድም አልተመለሰም።

ከእነሱ በኋላ የመንገድ ለኪዋ ወጣት ሴኔራ ከሽማግሌው ወታደር ከጎርማድ ጋር መጣች። እናቷ ውሃ ከቀመሰች ሦስት ቀን ሆኗት ነበር። ሁለቱ በሦስተኛው ድንጋይ አጠገብ፣ ሰው ብቻ በሚያሾልከው የገደል በር ቆሙ። ሌላ መውጫ የለም።

«አባ ጎርማድ፣ ስምንተኛው ላይ የተኛውን አውሬ አዩት?» አለች በሹክሹክታ።

«ባላየው ይሻለኝ ነበር፣ ልጄ።»

«ዕንቁው እዚያ ቢሆን ቦታውን ይነግረን ነበር? ‹አምስት ርቆ› አለ እንጂ በየት በኩል እንደሆነ አላለም። ወደ ኋላ ብንቆጥር... ሁለት፣ አንድ፣ አልቦ...» በጣቷ ወደ ምዕራብ ጠቆመች። «ከአልቦ ወዲያ ሁለተኛው ድንጋይ ነው።»

የሽማግሌው ፊት ዐመድ መሰለ። «የሙታንን ድንጋይ?»

«እንደማንቆጥረው ያውቃል። ለዚህ ነው እዚያ የቀበረው። ግን ዕንቁው ሲነሳ አውሬው ይነቃል። ያን ጊዜ እሱም እኔም ከዚህ በር እኩል አምስት ድንጋይ እንርቃለን።»

«እሱ አራት እግር አለው። አንቺ ሁለት፣ እነሱም የሚንቀጠቀጡ።» ጎርማድ ጎራዴውን መዘዘ። «በዚህ ብረት እምላለሁ፤ አንቺ ሳትወጪ ሦስተኛውን ድንጋይ አይረግጥም!»

ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ ሴኔራን ግን በረዳት። አልቦ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ጨፍና ተሻገረች። የሚይዛት እጅ ጠበቀች፤ ማንም አልያዛትም። አፈሩ እንደ ማንኛውም አፈር ነበር። በሁለተኛው ድንጋይ ሥር በጥፍሯ ቆፈረች፤ ቀዝቃዛው ዕንቁ መዳፏ ውስጥ ገባ።

በዚያው ቅጽበት ምድር አገሳች።

ሮጠች። «አንድ። አልቦ። አንድ።» ከፊቷ የጉርዳም ጥርሶች እየገዘፉ መጡ። ወደ አውሬው እየሮጠች መሆኑን አወቀች፤ ግን አልቆመችም። «ሁለት።» ብረት ከአጥንት ጋር ሲጋጭ ሰማች። «ሦስት!» በበሩ ሾለከች።

ዞራ ስታይ ሁለቱም ወድቀዋል። ጎራዴው በአውሬው ጉሮሮ እስከ እጀታው ገብቷል፤ ጎርማድ አይተነፍስም።

በዚያ ቀን ምንጮቹ ፈለቁ፤ እናቷም ጠጣች። ንጉሡ ሴኔራን አስጠርቶ ጠየቃት፦

«ጎርማድ የት ወደቀ?»

«ከሦስተኛው ድንጋይ አንድ ድንጋይ ርቆ፣ ንጉሥ ሆይ።»

«በየት በኩል?»

ሴኔራ አንገቷን ደፋች።

«በአውሬው በኩል።»