የፋንታሁን ጥላሸት

«የልጅን ፊት መቼ ነው የምናጥበው?» ሲል የጤና ተማሪው ዳኛው ጠየቀ።

«ጧትና ማታ፤ ደግሞም በቆሸሸ ቁጥር» አሉ ሴቶቹ ባንድ ድምፅ። እንደ ዳዊት ነው የደገሙት።

ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የትርንጎ ድምፅ ነበር። ከኋላዋ የቆመችው ልጇ እናኑ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። የሦስት ዓመቱ ወንድሟ ፋንታሁን እናታቸው ጉልበት ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ጥቁርና ቅባታም ነው፤ ዝንቦቹም በዓይኖቹ ዙሪያ ሰፍረዋል። ልጁ ስለለመዳቸው አያባርራቸውም።

ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ፣ ወይራው ሥር፣ ከቅዳሴ በኋላ የሚደረገው የእሑድ ትምህርት ነው። ዳኛው ጎንደር ውስጥ በቅርቡ የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ተማሪ ነው። ገና ተማሪ ቢሆንም መንደሩ ሁሉ «ሐኪም» ይለዋል። ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ ሥዕሎቹን በቦርሳው ጠቅልሎ እየመጣ ስለ ዓይን በሽታ ያስተምራል። ለፋንታሁንም የዓይን ቅባት ሰጥቶት ነበር። በቅባቱ ሻል ይለውና ተመልሶ ይቀላል።

ዛሬም ትምህርቱን ሲጨርስ የልጁን የዓይን ሽፋን ገልብጦ አየ። ኋላ እናኑን ለብቻዋ ጠርቶ በዚህ ከቀጠለ ውሎ አድሮ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ እንደሚዞርና የዓይኑን ብሌን እየፈቀ እንደሚያጠፋው ነገራት። «እማማ አዛለችን ታውቂያቸው የለ?» አላት።

እንዴት አታውቃቸው! ጎረቤታቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ ሲነቅሉ ኖረው፣ ዛሬ በሰው እጅ እየተመሩ ነው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት።

ዳኛውና እናኑ ወደ ቀሃ ወንዝ ሲወርዱ የክፍል ጓደኛዋ ወልደ ዮሐንስ የዳኛውን ቦርሳ ተሸክሞ አብሯቸው ነበር። ወልደ ዮሐንስ በሁሉ ነገር ላይ አስተያየት አያጣም።

«ሴቶቹ ሰነፎች ናቸው፤ ሌላ ምንም አይደል» አለ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው።»

«መከራው መክሯቸው እስኪጨርስ የልጆቹ ዓይን ይጠፋል» አለ ዳኛው። ትንሽ ሄደና ቆመ። «መጀመሪያ ስመጣ ስላላወቁ ነው ብዬ ነበር። አሁን ከእኔ እኩል ያውቃሉ። ታዲያ በማወቅና በማድረግ መካከል የቆመው ምንድን ነው?»

ከዚያ ኮሌጅ የተማረውን አጫወታቸው። ሰው ልማዱን እንዲተው ከመጠየቅህ በፊት ልማዱ ምን እንደሚጠቅመው እወቅ ይሏቸዋል። በሽታውን ይፈራዋል? መድኃኒቱን ያምነዋል? ከበሽታው አብልጦ የሚፈራው ሌላ ነገር ይኖር ይሆን? የማንንስ ቃል ይሰማል? ዳኛው ይህን ሁሉ ለፈተና በቃሉ ይዞታል፤ እዚህ መንደር ውስጥ ግን መልሱን አላገኘውም። ስለዚህ ሁለቱን ለመናቸው። አትምከሩ፣ አትቆጡ፣ እዩና ጠይቁ ብቻ አላቸው።

ወልደ ዮሐንስ ሳቀ። እናኑን ግን ጥያቄው ያዛት።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ውሃውን ነው። ከቀሃ እስከ ቤታቸው ዳገት ነው፤ ውሃ የተሸከመ ሰው ለፊት መታጠቢያ ቢሰስት አይፈረድበትም። ስለዚህ በየጧቱ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት አንድ ትርፍ እንስራ ትቀዳ ጀመር። ወገቧ ተቆረጠ፤ የፋንታሁን ፊት ግን እንደነበረ ነው። ስንፍና ነው እንዳትል የእናቷ ነጠላ ከመንደሩ ሴት ሁሉ ነጠላ ይነጣል። ሰነፍ ሴት እንዲያ ያለ ነጠላ አትለብስም። ነገሩ ባልገባት ቁጥር የበለጠ ልታውቀው ፈለገች።

አንድ ቀን መምህራቸው ታሞ ቀረና በጊዜ ተለቀቁ። ቤት ስትደርስ በሩ በጠራራ ፀሐይ ተዘግቷል። ከውስጥ የፋንታሁን ሳቅ ይሰማል። በበሩ ስንጥቅ ላይ ዓይኗን አስጠግታ አየች።

እናቷ ልጁን ለብ ባለ ውሃ እያጠበችው ነበር። በንጹሕ ጨርቅ ጫፍ አንዱን ዓይን ጠርጋ፣ ጨርቁን አዙራ ሌላኛውን ጠረገች። ልክ በዳኛው ሥዕል ላይ እንዳለችው ሴት ነው ያደረገችው። ፊቱ ሲገለጥ እናኑ ደነገጠች። ወንድሟ እንዲህ የሚያምር ልጅ መሆኑን ረስታው ኖሯል።

ትርንጎ ልጁን ሳመችው። ከዚያ ጣቷን ቅቤ አስነካችና የድስቱን ቂጥ ጥላሸት ጠረገችበት። ጉንጩን፣ አፍንጫውን፣ የዓይኖቹን ዙሪያ ቀባችው። ቀብታ ስትጨርስ በሩን ከፈተች፤ ከልጇም ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጡ።

«አይተሽ እንዳላየሽ ሁኚ» አለች ትርንጎ።

«ምነው እማዬ፣ እንዲህ ካጠብሽው በኋላ?»

«ሸጋ ልጅ ለሰው ዓይን አይሰጥም።»

እናኑ የዳኛውን አደራ ረሳችው። የሰው ዓይን የሚባል ነገር እንደሌለ፣ የሳይንስ መምህራቸው እንደነገራቸው፣ ይህ የድሮ ሰው ወሬ እንደሆነ ባንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። እናቷ አልተቆጣችም። ፋንታሁንን አቅፋ ወደ ጓዳ ገባች። ያን ቀን ማታ ልጁን ለእናኑ አላሳቀፈቻትም። እናኑ እውነት የተናገረች መስሏት ነበር። እውነቷ ግን በሩን ከመዝጋት በቀር ምንም አልፈየደም።

ቅዳሜ እናትና ልጅ ፋንታሁንን ይዘው ቀሃ ወርደው ልብስ ያጥቡ ጀመር። እናኑ ብዙ ካሰበች በኋላ፣ ቤታቸው ውስጥ ማንም የማያነሳውን ስም አነሳች።

«እማዬ፣ በላቸው እንዴት ያለ ልጅ ነበር?»

የትርንጎ እጅ በእንዶዱ አረፋ ውስጥ ቆመ። በላቸው ፋንታሁን ሳይወለድ የሞተው ልጇ ነው። «ፋንታሁን» የተባለውም በእሱ ፋንታ ነው። እናኑ ያኔ ትንሽ ስለነበረች ብዙም አታስታውሰውም። እናኑ ያጠፋች መሰላት። ከዚያ ግን ትርንጎ ቀስ ብላ መናገር ጀመረች። ፀጉሩ እንዴት ይጠቀለል እንደነበር፣ ሲስቅ እንዴት ትን ይለው እንደነበር ተናገረች። ለጥምቀት አጥባ፣ አዲስ ልብስ አልብሳ፣ አዝላው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወረደች። መንገደኛው ሁሉ «እንዴት ያለ ሸጋ ልጅ ነው» እያለ ዞሮ ያየው ነበር። ከበዓሉ ሲመለሱ አተኮሰው፤ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ።

«አጥቤ ገደልሁት» አለች ትርንጎ።

እናኑ አለቀሰች። ትኩሳቱ ከምን እንደመጣ አታውቅም። ከሰው ዓይን ይሁን ከሌላ፣ የሳይንስ መምህራቸውም ቢሆን እዚያ አልነበረም። አሁን የገባት አንድ ነገር ነው። እናቷ ዝንቡን ትፈራለች፤ ከዝንቡ አብልጣ የምትፈራው ግን አለ።

«ይህን ለሐኪሙ ብትነግሪው ይስቅብኛል» አለች እናቷ። «በሰው ፊት ከተሳቀብኝ ልጁን ይዤ ወይራው ሥር ዳግመኛ አልቀመጥም።»

«አልነግረውም» አለች እናኑ። ቀጥላም «የሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው የት ነው?» ብላ ጠየቀች። አሁን ለመሟገት አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው።

«ከሸጋው ላይ ነዋ። ጥላሸት ካለ ግን እሱ ይቀድመዋል።»

«ታዲያ ጥላሸቱ ግንባሩ ላይ ቢሆን አይቀድመውም? ዓይኑን ሳይነካ?»

ትርንጎ ልብሱን ጨምቃ አሰጣች፣ ገለበጠች፣ እንደገና አሰጣች። ሲመለሱ ግን ቤታቸውን አልፋ በእማማ አዛለች ደጅ ቆመች። ጉዳዩን ስትነግራቸው አሮጊቷ በዳበሳ የፋንታሁንን ፊት ያዙ። አውራ ጣታቸውን ከቅንድቡ በላይ አሳረፉ።

«እዚህ ይበቃዋል» አሉ። «ዓይኑን ለዝንብ አትስጭው፣ ልጄ። እኔ ሰጥቼ አይቼዋለሁ።»

እሑድ ወይራው ሥር ፋንታሁን ፊቱ ታጥቦ መጣ። ዓይኖቹ ገና ቀላ ያሉ ናቸው፤ ዝንብ ግን የለባቸውም። ግንባሩ ላይ አንዲት ክብ ጥላሸት አለች። ጎረቤታቸው አበቡ ፊቱ በጥላሸት የጠቆረ ሕፃኗን አቅፋ ከኋላ ተቀምጣ፣ የፋንታሁንን ጥላሸት ደጋግማ ታያለች።

ዳኛው ልጁን ሲያየው ደስታው ፊቱ ላይ ሞላ። «ይኸው! እዩት፣ እንዴት ያለ ሸጋ ልጅ ነው» አለ ለሁሉም እንዲሰማ። ትርንጎ ነጠላዋን ሳብ አደረገች። ዳኛው ጎንበስ ብሎ ከኪሱ መሀረብ አወጣ። «ይችን ብቻ ረስተዋታል» እያለ እጁን ወደ ልጁ ግንባር ሰደደ።

እናኑ እጁን ያዘችው።

ተማሪ ልጅ፣ ያውም ሴት፣ በሰው ሁሉ ፊት የሐኪም እጅ ትይዛለች?

«ይተውለት» አለች።

«ምነው? ጥላሸት እኮ ነው።»

መልሱ አፏ ላይ ነበር። ከቀሃ መንገድ ጀምሮ ዳኛው ሲፈልገው የነበረው መልስ ነው፤ ብትናገር ጎበዝ ይላታል፤ ወልደ ዮሐንስም ከእንግዲህ አፍ አይኖረውም። እናቷ ግን እያየቻት ነው። ፋንታሁን ደግሞ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ፣ ባልተቀባ ዓይኑ ሁሉንም ተራ በተራ ያያል።

«ለምን እንደሆነ አውቀዋለሁ» አለች እናኑ። «የምነግርዎ ግን እኔ አይደለሁም።»

ዳኛው እጁን የያዘችውን እጇን አየ። ቀጥሎ ነጠላዋን የጨበጠችውን ትርንጎን አየ። መሀረቡን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው። ወይራው ላይ የሰቀለውን ሥዕል አወረደና ጠቀለለው።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ ዛሬ አላስተምርም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፈቃድዎ ከሆነ እርስዎ ያስተምሩኝ። ባይሆንም ልጁ እንዲሁ ያምርበታል።»

ወልደ ዮሐንስ ፈገግ ብሎ አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት እናኑ እጅጌውን ጎተተችው። «ና፣ ውሃ እንቅዳ» አለችው። አሁን ውሃ የጠማው አልነበረም። ቢሆንም ተከተላት።

ጥቂት እንደሄዱ ዞር ብላ አየች። እናቷ የተቀመጠችበት ድንጋይ ላይ ጠጋ ብላ ለሐኪሙ ቦታ እየለቀቀች ነበር። አበቡም ሕፃኗን ይዛ ቀረብ ብላለች።

«በላቸው የሚባል ልጅ ነበረኝ» ስትል እናቷን ሰማቻት።